ካላየሁ አላምንም

ትናንት ጎማዬን ልትቀይርልኝ የመኪናዬን ትራንክ ስትከፍት ያ ወፍራም ጓንት እጅህ ገባና «የማን ነው?» አልከኝ። «ተወው ባክህ፣ አሮጌ ነው» ብዬ ነጠቅሁህ። አውቃለሁ፣ ክፉ ሆኜብህ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሽታው መጣብኛ! የረጠበ ቆዳ፣ ካርቶን፣ ትንሽ ደግሞ የስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻው፣ ሰም። እሱን ሳሸት ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ያውም የመኪናው መሪ እጅ በሚያቃጥልበት በዚህ ሙቀት።

ጓንቱ የአጎቴ ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም። በዲቪ መጥቶ ከእኛው ጋር፣ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ይኖር ነበር። ላስ ቬጋስ ዳር፣ ኤፔክስ በሚባለው ቦታ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ፣ በረዶ የሆነ ምግብ የሚከማችበት ውስጥ ነበር ሥራው። ውጭ አስፋልቱ ሊቀልጥ ደርሶ፣ እሱ ካፖርቱን በብብቱ ይዞ ሺፍት ይገባል። «ቬጋስ ውስጥ ብርድ የሚመታው ሰው እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ይስቅ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። በፈረንጆቹ 2020 በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እኔ ከሆቴል እንግዳ መቀበያ ተቀነስኩ፤ ሊሞዚን ይነዳ የነበረው አባቴም ቤት ዋለ። ክረምቱ ሲመጣ ግን ሁለታችንም ተራራው ላይ እንጀራ አገኘን። ከቤታችን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ታች በረሃ፣ ላይ በረዶ። እኔ ስኪ በሚከራይበት ቤት ጫማ ሳስለካ እውላለሁ። አባቴ ደግሞ ለአንዲት የተራራ ላይ ስኪ መሪ ደንበኞቿን በቫን ያመላልሳል። ሴትየዋ ሃምሳ ያለፋት፣ መነጽሯ ከሸፈነው ቦታ በቀር ፊቷ በፀሐይ የጠቆረ ናት። ሰዎችን በገመድ ተንጠልጥለው ሰው ከሚያወጡት ወንበሮች በላይ በእግር ታወጣና፣ በሁለት ቋጥኞች መሃል ባለ ጠባብ ቁልቁለት በስኪ እየመራች ታወርዳቸዋለች። ቁልቁለቱ ከታች ሲያዩት ግድግዳ ነው።

እኔ ከሃይስኩል ጀምሮ ስኪ እንደምችል አጎቴ ያውቃል። ግን በዚያ ገደል ለመውረድ እንደምመኝ ስነግረው ሳቁ አላስቀምጠው አለ። «ኧረ ልጅቷ! ሰው እግሬን ጠብቅልኝ ብሎ ይጸልያል፣ አንቺ ለመሰበር ተራ ትይዣለሽ?» ደግሞ ወዲያው ተነስቶ ይሄን የሥራ ጓንቱን አመጣልኝ። «በዚህ ውረጂ፤ ማቀዝቀዣ ችሏል፣ ተራራም ይችላል። ቪዲዮ ግን ላኩልኝ። እኔ ካላየሁ አላምንም!»

ከገና በኋላ ታመመ። ሳሉ ጠናበትና አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው። መጠየቅ አይቻልም፤ የበሽታውን ጊዜ ታውቀዋለህ። እንግሊዝኛው ይቀናታል ተብሎ ሆስፒታሉ የያዘው የእኔን ስልክ ነበር። በየቀኑ እደውላለሁ፣ አባቴ አፍ አፌን ያያል፣ የነገሩኝን ትንሽ አሳምሬ እነግረዋለሁ። ለምጄው ነበር ማሳመሩን።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የመሪዋ አንድ ደንበኛ ቀረ። «ቦታ አለኝ፣ ነይ» አለችኝ፣ በነፃ። አባቴ ከእኔ በላይ ደስ አለው። «ሂጂ እንጂ! እኔ ከታች እቀርፅሻለሁ። እሱም ሲያየው ይነቃቃል።»

ተራራው ሥር ፓርክ አድርገን ስኪዎቹን ስናወርድ ስልኬ ጮኸ። ከቫኑ ጀርባ ሄጄ አነሳሁ። ነርሷ ነበረች። ሌሊቱን ብሶበታል፣ ቤተሰብ በታብሌት፣ በቪዲዮ ሊያናግረው ከፈለገ ዛሬ ጠዋት፣ አሁን ቢሆን ይሻላል አለችኝ። መልሼ እደውላለሁ አልኳትና የደወልኩት ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እኛ ዘንድ ሐዘን እንዴትና መቼ እንደሚነገር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተራራ ላይ ይነገራል? አባትሽ ስኳር አለበት፣ መሪ ይጨብጣል፣ ሰው ጭኗል። ነገ ማለዳ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን።»

«ጋሼ፣ ማናገር ይችላል ብላለች እኮ። እርስዎ ባይሆን ይንገሩት...»

«ጌታ ያውቃል፣ ሊሻለውም ይችላል። እስከዚያ ፊትሽን አስተካክዪ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እንደዚህ ነው ያልኩት፣ እሺ። አባቴ አሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ቆሞ የጫማዬን ማሰሪያ ሲፈትሽልኝ ነበር። አብሮት ያደገውን ወንድሙን ለመጨረሻ ጊዜ ማየት ይችል ነበር። እኔ ከለከልኩት። ሽማግሌውን አልወቅስም፤ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ከዚያም አጠገቡ ቆሜ ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ፣ ስኪዬን ጀርባዬ ላይ አስሬ ተራራውን ወጣሁ።

አራት ሆነን ነበር የወጣነው። አየሩ ጥድ ጥድ ይሸታል፣ በረዶው ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። መሪዋ እየዞረች ታየናለች። አናት ላይ ስንደርስ፣ ታች በረሃው ቡናማ ሆኖ ተዘርግቶ፣ ቬጋስ ዳር ላይ እንደ ፈሰሰ ጨው ትታያለች። ሲግናል እዚያም አለ። ስልኬ እንደገና ጮኸ።

ነርሷ «በጣም አዝናለሁ» አለችኝ። «ብቻውን አልነበረም። እጁን ይዤው ነበር።»

«ቴንክ ዩ» አልኳት። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፣ አይደል? ምንም አልመጣም። ጓንቱን መልሼ አጠለቅሁ፤ ጣቶቼ ግን የእኔ አልነበሩም።

መሪዋ አንድ ደንብ ነበራት። ከመውረዷ በፊት ሁሉም ሰው የከበደውን ጮክ ብሎ መናገር አለበት። «የደበቃችሁት ነገር አብሮን ይወርዳል፤ አሁን ንገሩኝ» ትላለች። አንደኛው ጉልበቴን ያመኛል አለ፣ እሷም ቀስ ብለህ ትከተለኛለህ አለችው። ሌላኛው ፈርቻለሁ አለ። ማንም አልሳቀበትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምንም የለም» አልኩ።

«ስልክ ስታነጋግሪ አይቼሻለሁ።»

«ከቤት ነው። ሰላም ናቸው።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ራሷ ቀድማ ገባች፤ ሁለት ዙር አዙራ ቆመችና በበትሯ ጠራችኝ። እሷ የዞረችበት እዞራለሁ፣ የቆመችበት እቆማለሁ። ክረምቱን ሙሉ የተመኘሁት ነገር ነበር። ቋጥኙ በግራም በቀኝም ያልፋል፣ ስኪው በረዶውን ሲፍቅ ይሰማኛል፣ ፍርሃት የሚባል ግን አልነበረም። መፍራት እንኳ ስሜት ይፈልጋል ለካ! አንድ ቦታ ላይ ቀኝ እግሬ ከዳኝና ተንሸራተትኩ፤ ተነስቼ ቀጠልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ብወድቅም ግድ አልነበረኝም።

ታች ስደርስ አባቴ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ ገብቶ፣ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ይጮሃል። «ያቻት! ቀይ ጃኬቷ! የኔ ጎበዝ! ያቻት!» አቀፈኝ። ጭምብሉ ረጥቦ ነበር፣ በሳቅ ይሁን በብርድ እንጃ። ከዚያ በወፍራም ጣቱ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

«ለአጎትሽ ላክሁለት» አለኝ። «ሲነቃ ያየዋል።»

«ጥሩ አደረግህ አባዬ» አልኩት።

ቫኑ ውስጥ፣ እስከ ቤት ድረስ፣ ሙቀቱን እግሬ ላይ ለቆልኝ ስለ ቁልቁለቱ ሲያወራ ሰማሁት። ማታም እራት በላን። በላሁ እኮ!

በማግስቱ ማለዳ ስድስት ሰዎች ጭምብላቸውን አድርገው፣ ተራርቀው ጋራዣችን በር ላይ ቆሙ። ከዚያ በላይ መናገርም አላስፈለጋቸውም። አባቴ በሩን ከፍቶ አያቸው፣ ቆጠራቸው፣ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ጸሎት ጀመሩ። ማንም ሊያቅፈው አልቻለም፤ እኔ ብቻ አቀፍኩት። ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ሳላየው፣ ሳያየኝ...»

በሦስተኛው ቀን የአጎቴን ዕቃ ለመረከብ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። በፕላስቲክ ከረጢት ሰጡኝ፤ ሰዓቱ፣ ቀበቶው፣ ስልኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናዬ ላይ ሰክቼ ቻርጅ አደረግሁት። የምስጢር ቁጥሩን ያወጣሁለት እኔው ነኝ። ሲበራ መልእክቱ ከች አለ። የአባቴ ቪዲዮ፣ ከሥሩም «ወንድሜ፣ አየሃት?» የሚል።

ለምን እንዳደረግሁት አስቤበት አይደለም። ከፍቼ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ትንሽ ቀይ ነጥብ በነጭ ላይ ስትወርድ፣ የአባቴ ጩኸት።  ከዚያ ስልኩን አጠፋሁት።

በዚያው ሳምንት፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን፣ አባቴ ስልኩን አውጥቶ ሲያይ ድንገት ብድግ አለ። «አይቶታል! ይኸው፣ ዋትሳፑ ላይ የታየበት ምልክት ሰማያዊ ሆኗል፣ ተመልከቺ! ሳይሄድ አይቶታል!» ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። ከአባቴ ፊት ላይ በስንት ቀኑ የሆነ ነገር ሲፈታ አየሁ።

«አዎ አባዬ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳየዋል። «ካላየሁ አላምንም ብሎ ነበር፤ አይቶ፣ አምኖ ሄደ» ይላል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ያችን መሪ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቻታለሁ፤ ስለ ቁልቁለቱ አነሳችልኝ፣ እኔ ስለ አየሩ አወራኋት።

ለማንም ነግሬ አላውቅም። ላንተ የነገርኩህ እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ቤት አብረን ምሳ ስለምንበላ ነው። ገና ሳትቀመጥ ስልኩን ያወጣል። ያቻት ሲል አብረኸው እይ፣ ጎበዝ ናት በለው። ወንድሜ አይቶታል ሲልህ ደግሞ፣ እባክህ፣ ወደ እኔ አትዙር።