የአባ ሳሙኤል ነጫጭ ወፎች

አቃቂ በሰቃ ውስጥ ኡምሀኒን የማያውቅ የለም። ሹፌር ባሏን ተከትላ ከወሎ መጣች፤ እሱ ሲሞት በርበሬ እየሸጠች አንድ ልጇን አሳደገች። እኔ ጠጄ አጥር የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ፤ ስለ እሷ ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ!

ልጇ ሙሀመድዘይን ባሕር ኃይል ገብቶ ምጥዋ ሲመደብ ውሻውን ቡቺን ትቶላት ሄደ። ለኡምሀኒ ደግሞ ውሻ! የውሻ ምራቅ የነካውን ሁሉ ሰባት ጊዜ ታጥባለች፣ አንዱን በአፈር። ደጃፏን አንድ ቀን አላስረገጠችውም። «የልጄ አደራ ባይሆን!» ትላለች፤ ግን ከራሷ አስቀድማ ታበላዋለች።

አንድ ቀን ልጁ፣ «እማዬ፣ እዚህ ነጫጭ ወፎች መርከባችንን ይከተላሉ። አባ ሳሙኤል ግድብ ሄጄ ከቡቺ ጋር የማያቸውን ይመስላሉ» ብሎ ጻፈላት። አለቀ! ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ቡቺን በገመድ ይዛ ግድቡ አጠገብ እስካለው ገደል አፋፍ ትኳትናለች። እኔንም ትጎትተኛለች። ወፎቹ ነፋሱ ላይ ተንሳፈው ከእግራችን በታች ሲያልፉ፣ «ልጄን አያችሁት?» ትላቸዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? ወፍ መልስ ይሰጣል?»

«ልጄ መቼ ይመለሳል ብዬ ብጠይቅ፣ ቀበሌስ መቼ መልስ ሰጠኝ?»

ነጠላዬን አጣፍቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በሰማንያ ሁለት የካቲት ምጥዋ በሻዕቢያ ተያዘች፤ ደብዳቤውም ቀረ። አንዱ «ተማርኳል» ይላል፣ ሌላው «የመን ገብቷል» ይላል። ባሕር በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት አፋፉ ላይ ቆማ ውሃውን ስታይ ትውላለች። ናፍቆቱ አመነመናት።

ሚያዝያ ላይ፣ በዕለተ አርብ፣ ከልጇ ጋር ያገለገለ አጥናፉ የሚባል መርከበኛ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሹራብ ይዞ መጣ።

«ምጥዋ ስትያዝ ለማምለጥ አንዲት ጀልባ ላይ የዘለሉት ልጆች ሹራባቸውን ወደቡ ዳር ጥለው ነበር» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ጀልባዋ ተመታች፤ የተረፈ የለም። ሙሀመድዘይን አብሯቸው ይኑር አይኑር አላየሁም። ይሄ የሱ ስለመሰለኝ አነሳሁት። ግን እናቴ፣ የሁላችንም ሹራብ አንድ ዓይነት ነው።»

«የሱ አይደለም!» አለች ኡምሀኒ። «ጠጄ፣ የሱ አይደለም በይኛ!»

ጥቅሉን እንደያዘች፣ እንደ ልማዳችን ከቡቺ ጋር ወደ ገደሉ ሄድን። ወፎቹ የሉም፤ ወቅታቸው አልፎ ሄደዋል። አፋፉ ላይ ተቀምጣ ጋዜጣውን ፈታች።

ቡቺ ብድግ አለ። አፍንጫውን ሹራቡ ውስጥ ቀብሮ ጅራቱን ቆላ፤ ወዲያ ወዲህ ፈለገ፤ ከዚያ እጅጌውን በአፉ ይዞ ማላዘን ጀመረ። ኡምሀኒ አልጮኸችም። ቁርጧን አወቀች።

ቤት ስንደርስ ልማዷን ስለማውቅ ሳፋ በውሃ ሞልቼ፣ አፈርም ዘግኜ አቀረብኩላት። ሹራቡ በውሻ ምራቅ ርሷል።

«ውሃውን ድፊው፣ ጠጄ» አለችኝ ሹራቡን ደረቷ ላይ እንደያዘች። «ካጠብኩት ጠረኑ ይሄድብኛል። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችና ደጅ የቆመውን ቡቺን፣ «ግባ» አለችው።