አፊባ ኳኩን ያለበሰችው ጨርቅ

አፊባ ስትጠልፍ ስንት ዓመት እንዳየኋት አትጠይቁኝ፤ እኔም ደክሞኛል። ፓራማሪቦ ከተማ፣ ገበያው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሷ የካሳቫ ቂጣ፣ እኔ የዝንጅብል መጠጥ እንሸጣለን። ገዢ ሲጠፋ መርፌዋን ታወጣለች። ከባርነት አምልጠው ጫካ የገቡት አያቶቻችን ባወጡት ልማድ፣ ሴት ለባሏ ፓንጊ የሚባለውን የትከሻ ጨርቅ ጠልፋ ታለብሰዋለች። ችግሩ የአፊባ ባል ጃኒ ወርቅ ፍለጋ እንደወጣ መቅረቱ ነው። ሞተ እንዳትሉ ወሬው ይሰማል፤ አለ እንዳትሉ የለም። እሷ ግን በየዓመቱ አንድ ትጠልፍና አጥፋ ሳጥን ውስጥ ትከታለች።

ዘንድሮ ባርነት የተሻረበት ቀን ሲደርስ፣ እንደ ወትሯችን ሰንሰለቱን የበጠሰውን ባሪያ፣ የኳኩን የነሐስ ሐውልት ልናለብስ ጨርቅ ስናዋጣ፣ አዲሱን ፓንጊ ይዛ መጣች።

የጃኒ እህት ሚሳሊና ዓይኗ ፈጠጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? በሕይወት ያለ ሰው ልብስ ለነሐስ?»

«ኳኩን እንኳ ትቼው ብሄድ ስመለስ አገኘዋለሁ» አለች አፊባ። «እጄ ዝሏል፣ ሚሳ። መጠበቅ በቃኝ።»

መሰላሉን ያዝኩላት። ወጥታ ጨርቁን የሐውልቱ ትከሻ ላይ አሰረችው። ስትወርድ ቀልሏት ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ። ድካም ብቻ ነበር።

ከበሮው እንደተጀመረ ከሰዉ መሃል አንድ የከሳ ሽማግሌ ብቅ አለ። ጃኒ! ለካ እህቱ አስቀድማ «ና» ብላ ልካበት ኖሯል። ሐውልቱን ቀና ብሎ አየ። አፊባ ሁሌ የጨርቋ ጠርዝ ላይ የምትጠልፋትን ቀይ ወፍ የማያውቃት የለም።

«አፊባ፣ ያ የኔ አይደለም እንዴ?» አለ፣ ሳቅ እየቃጣው።

እኔ በሱ ቦታ ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ያንተ ነበር» አለችው። አልጮኸችም። «እሱ ታስሮ፣ ሰንሰለቱን በጥሶ እዚህ ቆመ። አንተን ማን አስሮህ ነው የቀረኸው?»

 ረሃቡ ፊቱ ላይ ይታይ ነበርና ሩዝ በኦቾሎኒ ወጥ ጨልፋ ሰጠችው። ቆሞ በላ።

«የት ልደር?» አላት ሳህኑን ሲመልስ።

«እህትህ ቤት።»

በማግስቱ ገበያው ጭር ሲል መርፌዋን አላወጣችም። እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ወሰዳት። ገዢ ሲመጣ አልቀሰቀስኳትም፤ ቂጣዋን እኔ ሸጥኩላት።