እኔ ያዘዝኩት ወተት

«ማን ፈቀደልሽ? ንገሪኝ፤ ማን ፈቀደልሽ?»

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ይህን ስትል የጉዞ ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም። ጫማዋ የሐርተሼክን አቧራ እንደለበሰ ነው። የሁለት ዓመት ልጃችን ቢኒያም ጎረቤታችን ፋዱሞ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ የያዘውን የቆርቆሮ ኩባያ ከአፉ አላነሳም። የላይኛው ከንፈሩ ላይ ነጭ አረፋ ነበር። ጢስ ጢስ የሚለውን ሽታ ጅጅጋ የኖረ ሰው አይስተውም፤ የግመል ወተት ነው።

«የክርስቲያን ልጅ መሆኑ ጠፍቶሽ ነው? አንገቱ ላይ ያለው ማተብ አይታይሽም?»

ፋዱሞ እኔን አየችኝ። የሥራ ሰዓቴ እስኪደርስ ግቢ ውስጥ ስጽፍ ቆይቼ ጥሩወርቅን ተከትዬ ገብቼ ነበርና በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከዚያ እኔ ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልተናገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህን እየዘለልኩ አልፌዋለሁ። ለአንተ ለአንባቢዬ የምነግርህ ፊትህን ስለማላይ ይሆን? ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ ከዚያ ልጀምር።

ያኔ የከተማው መብራት ጄኔሬተር ላይ ነበር የምሠራው። ማታ አስነሳዋለሁ፣ እኩለ ሌሊት ላይ አጠፋዋለሁ፤ ቀኑ የእኔ ነው። ጥሩወርቅ ነርስ ናት። ከሀርጌሳ በኩል የሸሸው ሕዝብ ሐርተሼክ የስደተኛ ጣቢያ ሲሰፍር እዚያ ተመደበች፤ ሰኞ ሄዳ አርብ ትመለሳለች። ስለዚህ ቀን ቢኒን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ማታ ሥራ ስገባ ደግሞ ፋዱሞ። ከአጥራችን ማዶ ብቻዋን የምትኖር፣ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ እሷም ወደ ሀርጌሳ ሸሽታ የተመለሰች ሴት ናት። ሥራ የሚውሉ የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን እሷ ጋ ይተዉ ነበር። ሁላችንም ኤዶ እንላታለን፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው።

ቢኒ ጫማዬን አጥልቆ ግቢውን ሲዞር፣ «ዱድዱድዱድ» እያለ ጄኔሬተር ሲሆን፣ ደረቴ ላይ ተኝቶ ለሃጩ ሸሚዜን ሲያረጥበው ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም ነበር። ግን መጻፍም እፈልጋለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ግጥምን በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ስንኝ ሲመጣልኝ ካልያዝኩት የማይመለስ ይመስለኛል። ስንኙ ሲመጣ ቢኒ ያለቅሳል። እርሳሴን ያኝካል። ወረቀቴን ይበላል። አንድ ቀን የውሃው የአህያ ጋሪ ሳይመጣ ቀርቶ ከወገቡ የተቆረጠው የውሃ በርሜላችን ባዶ ነበር፤ ልጁን ከማንኪያና ከድስት ክዳን ጋር እዚያ ውስጥ አስቀመጥኩትና ጻፍኩ። ፋዱሞ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች።

«ገጣሚው! ልጁን ልታጥበው ነው ወይስ ልትዘፈዝፈው?»

ሳቅን። ቢኒም በርሜሉን በማንኪያ እየደበደበ ሳቀ።

ከዚያ ጡት ጣለ፤ የዱቄት ወተት ሲሰጡት ደግሞ ይተፋል። ከሳ። የላም ወተት በዚያ በጋ ጠፍቷል። የግመሉን ግን ዘመዶቿ ከከተማው ዳር በየጠዋቱ ለፋዱሞ ያመጡላታል። የእኛ ሰው የግመል ወተት እንደማይቀምስ አውቃለሁ። ለጥሩወርቅ ደግሞ ልጇን እሱን ማጠጣት ከጥምቀቱ ማውጣት እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅሁ ፋዱሞን አጠጪልኝ አልኳት።

እሷ እምቢ አለች። ይህን ልብ በልልኝ።

«እናቱ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። እሺ ብላለች።»

«ወላሂ በል።»

«እሺ ብላለች አልኩሽ እኮ፣ ኤዶ። ግን ሰው እንዳይሰማባት ታፍራለች፤ አታንሺባት።»

ትንሽ አየችኝና ሳቀች። «በቃ። እኛ ዘንድ ገጣሚ ከዋሸ ማንም ቆሞ አይሰማውም። አምኜሃለሁ።»

ቢኒ ጠጣ። ጉንጩ ሞላ። ጠጥቶም ረጅም እንቅልፍ ይተኛል። ለልጁ ብዬ ነው ያደረግሁት? በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አዎ። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ የወደድኩት እንቅልፉን ነው። ጠግቦ እየተጫወተ ሳለ «አጠጪው» ያልኳት ቀን አለ። እሱ ተኝቶ እኔ ስለ ልጄ ግጥም ጻፍኩ። ጥሩወርቅ አንብባው አለቀሰች፤ በእጇ ገልብጣ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። እስከ ዛሬ አለ። እሱ ሥር ተቀምጬ ነው የምበላው።

አርብ አርብ ኩባያውን በአመድ አሽቼ አጥቤ፣ የልጁን አፍ ጠርጌ እጠብቃት ነበር። ያን ሳምንት ግን መኪና ተገኘላትና ሐሙስ መጣች። ስትገባ ፋዱሞ ፈገግ ብላ ነበር። ልጁ እንዴት እንደወፈረ ልታሳያት ኩባያውን ከፍ አደረገችለት።

የተከተለውን ልንገርህ። ጥሩወርቅ ልጁን ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። ቄሱ ጸለዩለት፣ ጠበል ረጩት። እሷ «ጥዬው በመሄዴ ነው» ብላ ራሷ ላይ ጾም ጣለች። ልጁን ታቅፌው የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ውሃው የእኔም ፊት ላይ ደረሰ። አልተናገርኩም። ወሬው ሰፈሩን ዞረ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ከፋዱሞ ቤት አንድ በአንድ ወሰዱ። አልተናገርኩም። ቢኒ አጥሩ ሥር ቆሞ «ኤዶ! ኤዶ!» እያለ ይጣራል፤ ውስጥ ዕቃ ሲነካካ ይሰማኛል፤ እሷ ግን አትወጣም። ክረምቱ ሳይገባ ቤቷን ለቃ አውበሬ ዘመዶቿ ጋ ሄደች። አውበሬ ሩቅ አይደለም። መኪና አለ። አልሄድኩም።

ቢኒ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፤ አያስታውሳትም። ጥሩወርቅ አንዳንዴ «ያቺ ሴት» ብላ ታነሳታለች። እኔ ቶሎ ብዬ አጎርሳታለሁ።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል አሁንም ወጣት ነኝ። ልጁ ተርቦ ነበር እንዳልል በጠገበም ቀን ዋሽቻለሁ። ትዳሬ እንዳይፈርስ ፈርቼ ነው? ፈርቻለሁ። ፋዱሞስ የሚፈርስባት ነገር አልነበራትም? ይቅርታ የምጠይቀው አንተን አይደለም፤ አንተን አልበደልኩም። አንተ ስማኝ ብቻ፤ ያን ሐሙስ እስከ መጨረሻው ስማኝ፤ መሐል ላይ ጥዬው ሸሽቻለሁና።

«መልሺልኝ እንጂ!» አለች ጥሩወርቅ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ፋዱሞ አሁንም የምታየው እኔን ነው። መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ ዓይኗ «ንገራት እንጂ» ይል ነበር። ቀስ እያለ ገባት። ሲገባት አየሁ። ጥሩወርቅ እንደማታውቅ፣ አውቃም እንደማታውቅ ገባት። እኔ አፌን ከፈትኩ።

«ጥሩዬ፣ ቀስ በይ፣ ልጁ ይደነግጣል» አልኩ።

ይህን ነው ያልኩት።

ቢኒ ማልቀስ ጀመረ። ፋዱሞ በሻሿ ጫፍ አፉን ጠረገችለት። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ አጠጣሁት። ልጁ ፊት አትጩሂ።»

«ሰማሃት?» ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ የት ነበርክ?»

«ማታ ማታ እኔ ሥራ ላይ አይደለሁ? በምን አውቃለሁ?»

ፋዱሞ ተነሳች። ልጁን አምጥታ አስታቀፈችኝ፤ ቀሚሷን ጨብጦ አለቅም ሲል ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቶቼ ላይ አስቀመጠች።

«ገጣሚው» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ዛሬ ቃል አለቀብህ?»

ወጣች። የቆርቆሮ በራችን ተጣምሟል፤ በእግር ካልገፉት አይገጥምም። እሷ ሁልጊዜ ገርበብ አድርጋው ነበር የምትሄደው፤ ቢኒ ቢያለቅስ እንድትሰማው። ያን ቀን ዞር ብላ በእግሯ ገፋችው። ገጠመ።