በስሜ የቆመች ማሰሮ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ይዤ ወደ አንድ የሥዕል አዳራሽ ሄጄ ነበር። ልጆቹ ሽርጥ ታጥቀው ጭቃ ያቦካሉ፤ እናቶች ፎቶ ያነሳሉ፤ አሠልጣኙ ለተንጋደደው ሁሉ ያጨበጭባል። የእርጥብ ሸክላ ጠረን አፍንጫዬ ሲገባ በነጠላዬ ሸፍኜው ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ። ልጅቷ "አያቴ፣ አመመሽ?" አለችኝ። አላመመኝም ብዬ ዋሸሁ።

ልጅ ሳለሁ መቀሌ ነበርን፤ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባቴ ከመሀል አገር ተልኮ የመጣ ጸሐፊ ነው፤ ፊደል ለሴት ልጅ ምን ይሠራል ባይ። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን አንድ አዳራሽ የአባቴ አለቃ የነበረው ሹም ሚስት የሥዕል ማሳያ አደረገችው። አንቱ እንድላት አትጠብቁ። ይህች እመቤት አንዴ ውጭ አገር ደርሳ መጥታለች፤ እዚያ ያየችውን ሁሉ እኛ ላይ ካልሞከረች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ግድግዳው ላይ አምስት ሥዕል አሰቀለች፤ ሦስቱ የራሷ መልክ ነው። ከዚያ ልጆች በሥዕሎቹ መሀል በእጃቸው ጭቃ እየሠሩ ይማሩ አለችና ሰበሰበችን። በየጠዋቱ "የእጅ ሥራ ክብር ነው" እያለች ትሰብከናለች፤ ጭቃውን ግን በጣቷ ጫፍ እንኳ ነክታው አታውቅም።

ከአጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አክስቷ ዘንድ እንደምትኖር ነግራኛለች፤ ከዚያ በላይ ስለ ቤተሰቧ አታወራም። "ሓፍተይ" ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። ዳቦዬን አካፍላት ነበር። የምትሠራው ሁሉ የተጣመመ ነው፤ ከእኔም ይብሳል። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም የወደድኳት።

በሁለተኛው ሳምንት እመቤቲቱ ለአንዲት ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ቦታ ማግኘቷን ነገረችን። ከሁሉ የተሻለ የሠራችው ትገባለች፤ ሥራዋም በአዳራሹ መክፈቻ ቀን ከነስሟ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ጓደኛዬ ያን ቀን ጭቃዋን አልነካችም። እጆቿን ስታይ ዋለች።

በማግስቱ ከአግዳሚው ተነስታ ጭቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከወገቧ ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ እየተራመደች ትዞረው ጀመር። እጇን በዓይን መከተል አልተቻለም፤ ለካ እስከዚያ ያጣመመችው ሆን ብላ ኖሯል። የቀሚሷን ጫፍ ውሃ ነክራ አፉን አንድ ጊዜ ዞረችውና ማሰሮዋ ቆመች። ከመስኮቱ የገባው የጠዋት ብርሃን እርጥብ ሆዷ ላይ አረፈ። ውጭ ጨው የጫኑ ግመሎች ሲያልፉ ይሰማል። እንዲያ ጎንበስ ብለው የሚዞሩ ሴቶች ከከተማው ዳር አይቼ ነበር። ዓይናቸው እንዳያርፍብኝ እናቴ እጄን ጎትታ ነው ያሳለፈችኝ።

"ሸክላ ሠሪ ናት" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ቡዳ ናት፤ ዳቦዬን በልታለች።" ፈርቼ ነው እያልኩ ብዙ ዓመት ራሴን አታልያለሁ። ቅናት ነበር።

ልጆቹ አግዳሚያቸውን ጥለው በሩ ላይ ተከመሩ። ያቺ የክብር ሰባኪ የልጅቷን ትከሻ ይዛ ታመሰግናት ነበርና እጇን መንጭቃ ውሃና ሳሙና አስመጣች። ልጅቷ "ኣነ'የ ሰሪሐዮ" አለች። በአማርኛም ደገመችው፤ "እኔ ነኝ የሠራሁት።" ዘበኛው በዱላው ጫፍ እየጠቆመ አስወጣት፤ እሱም ሊነካት አልፈለገም።

ማሰሮዋን ግን ያስወጣ የለም። እንግዳ ተጠርቷል፤ የእኛ ጭቃ ደግሞ ለዶሮ ውሃ ማጠጫም አይሆን። ደግሞስ በየቤታችን ወጥ የምንሠራበት ድስት የማን እጅ ሥራ ነበር? የሚጠሉት ሠሪውን ነው እንጂ ዕቃውንማ ማን ይጠላል። እመቤቲቱ አባቴን ጠርታ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። አባቴም በሚመካበት የእጅ ጽሕፈት ስሜን ወረቀት ላይ ጻፈና ከማሰሮዋ ሥር አኖረው። "ዝም በይ፣ ዕድል ነው" አለኝ። በመክፈቻው ቀን ሹማምንቱ እየመጡ ራሴን ዳበሱኝ። እኔም አንገቴን ሰብሬ እጅ ነሳሁ፤ ለማስመሰልማ ማን ብሎኝ።

ትምህርት ቤት ገባሁ። በዓመቱ ገበያ መሀል ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አገኘኋት፤ ማሰሮዎች ከፊቷ ተደርድረዋል። ትወቅሰኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ ደብተሬ ላይ ነው።

"ሓፍተይ" አለችኝ፣ "ስሜን ጻፊልኝ።"

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ መዳፏን ዘረጋችልኝ። እርሳሱ በእጄ ነበር። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ከኋላዬ እየመጡ ነበርና "በሚቀጥለው ገበያ" ብያት ሄድኩ። በሚቀጥለው ገበያ በሌላ መንገድ ዞርኩ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ብዙ ቆይቼ በዚያ ሳልፍ እናቷ ብቻዋን ተቀምጣለች። ልጅሽ የት ሄደች ብዬ አልጠየቅኳትም።

ስሟ ሦስት ፊደል ብቻ ነበር።