ጥንብ አንሳ ሲዞር

የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራው በር አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ ስትቀዳ እንኳ ብርጭቆውን አታይም፤ ዐይኗ ሰማይ ላይ ነው። ተቀመጠች ሲሏት ብድግ ትላለች። ሽርጧን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች።

ጥንብ አንሳ ሲዞር ለሹፌሮቹ ሠርግና ምላሽ ነው፤ የወደቀ አውሬ ባለበት አንበሳ አይጠፋምና ጎብኚዎቻቸውን ጭነው ይከንፋሉ። ሲመለሱ ታዲያ ሞተር እንኳ ሳያጠፉ በመስኮት ይጮኹላታል፦ «ጎሽ ነው!» «የሜዳ አህያ ነው!»

አዲሱ ሹፌር መጀመሪያ አውሬ ወዳድ መስላው ነበር። አንድ ለእናቱ የሆነው ልጇ ጠባቂ መሆኑን፣ መሣሪያ የታጠቁ አዳኞችን ፍለጋ ጫካ ለጫካ እንደሚዞር የነገሩት ኋላ ነው።

ዛሬ ጥንብ አንሳዎቹ ከወንዙ ማዶ ሲዞሩ ዋሉ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር አዲሱ ሹፌር ሳይሻገር ተመለሰ። መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቀው ሲያያት ግን አንጀቱን በላችው።

«ጎሽ ነው፣ እማማ!»

«አይተኸው ነው?»

«በዐይኔ በብረቱ!»

«እሰይ! ተባረክ የኔ ልጅ!»

ፊቷ ፈካ። ሻይ ቀዳችለት፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ብርጭቆውን እያየች። ልታቀብለው ወደ መኪናው ጠጋ ስትል ግን ዐይኗ ጎማው ላይ አረፈ። ውሃ የነካው ጎማ አልነበረም፤ አቧራ ብቻ።

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታች፤ መልሳ ግን አላሰረችውም። በርጩማዋ ላይ ጣለችውና ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ተያያዘችው።