ስልኳን የፈታችው ልጅ

የወንድሜን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ «ችኮ» ይላታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። አባቷ ስልክ ጠጋኝ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቆቻችንን የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እኔ ቤት ሰው ሲታማ እሱ ቤት ይሰማል።

ችኮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ነርስ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ባይ። በሙከራ ፈተናው ግን ባዮሎጂ ወደቀች። አላለቀሰችም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «አክስቴ፣ አንድ ገጽ ሳላነብ ቀኑ ይመሻል። መጽሐፉን እከፍታለሁ፣ ስልኩ ጢን ሲል አነሳዋለሁ፣ ከዚያ ሰው ሲጨፍር ሳይ እውላለሁ» አለችኝ።

«ስልኩን አጥፊው!»

«ያጠፋሁትን አበራዋለሁ።»

«እሱን ጭፈራ ሰርዢው።»

«የሰረዝኩትን መልሼ አወርደዋለሁ። ራሴን አውቃታለሁ።»

የጠጋኝ ልጅ አይደለች፣ መላው አልጠፋትም። አባቷ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ብሎን በብሎን ፈታችው። ስክሪኑን አባቷ መለዋወጫ ሳጥን ውስጥ፣ ባትሪውን የኔ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችና «እስከ ዋናው ፈተና ማንም እንዳይገጥመው!» ብላ አስጠነቀቀችን። ለመደወያ ያህል ኢንተርኔት የሌለው አሮጌ በተን ስልክ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በስፌት መኪናዬ ጩኸት መሐል ተቀምጣ ታነባለች።

ወንድሜ ደግሞ ሥራ ሲበዛበት የራሱን ከሰው አይለይም። አንዲት የተጣደፈች ደንበኛ ስክሪኗ ተሰብሮ ብትመጣ፣ ሳጥኑን ጎርጉሮ የልጁን ስክሪን ገጠመላትና ሸኛት። ነገሩ ሲገባው ላብ አጠመቀው። ችኮ ግን «እሰይ! አሁን ብፈልግም አልችልም» ብላ ተንከትክታ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሳቃችንን ያቋረጠው የባዮሎጂ መምህሯ ነው። መልመጃውን ሁሉ የሚለቀው በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ መልሱም የሚላከው በስልክ ነው። ችኮ አልልክ ስትል «ወላጅ አምጪ» አላት። ወንድሜ ፈራ። «ሌላ ስልክ ልስጥሽ፣ የኔ ልጅ። ካስተማሪ ጋር እልህ አይያያዙም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያለ ለመናት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እሱ ሱቅ መዝጋት አልችልም ብሎ ሲያመካኝ እኔ መርፌዬን ሰክቼ ተነሳሁ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

መምህሩ ክፍሉ በር ላይ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ አቆመን።

«አባትሽ ስልክ ጠጋኝ ሆኖ ስልክ የለኝም ትያለሽ?» አላት። ክፍሉ አውካካ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ከፊት ወንበር ላይ ያለችው፣ ወርቃማ ሽፋን ያለው ስልኳን ሁልጊዜ ከደብተሯ አጠገብ የምታጋድም ልጅ ነበረች።

«ታዲያ ስልክ የሌለው ተማሪ ምን ይሁን?» አለች ችኮ።

«እዚህ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ያለ ተማሪ የለም።»

«እኔ አለሁ።»

«አንቺ በገዛ እጅሽ ነው!»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «ለማንበብ ብላ ነው የፈታችው፣ መምህር! ሰነፍ ናት ካሉ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ይጻፉላት። ካልመለሰች እኔው ራሴ ስልክ ገዝቼ አስይዛታለሁ።»

«ለአንድ ሰው ብዬ ጠመኔ አላባክንም» አለ። «ከነገ ጀምሮ ስልክ ካልያዘች ክፍሌ አትገባም። አበቃ።»

ነርስነቷ እዚያ በር ላይ ሊቀር ነው አልኩ በልቤ። ችኮን አየኋት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ከቆመችበት ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ለሁለት ሰው ይጻፉልን» አለ አንድ ድምፅ።

ያቺው የፊት ወንበሯ ልጅ ናት። ባለወርቃማ ሽፋኑን ስልክ ገልብጣ አነሳችው፤ መስተዋቱ ተሰነጣጥቆ ጠቁሯል። «የኔም አይሠራም፣ ቲቸር። ለይምሰል ነው የምይዘው። መልሱን የምልከው የጎረቤት ስልክ እየለመንኩ ነው» አለች። እንባዋ ወረደ። የሚስቅ ሰው ጠፋ።

መምህሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ ስልኩን አየ። ዞረና ጠመኔ አነሳ።

ችኮ ፈቃድ ሳትጠይቅ ገባች። የራሷን ቦታ አልፋ ወደ ፊት ወንበሩ ሄደችና እያለቀሰች ያለችውን ልጅ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«ጠጋ በይልኝ» አለቻት፤ «ከዚህ ደህና ይታያል።»