ሆዱ የተደፈነ ፊደል

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ወፍሬ» ይለዋል። ራሱማ ከብሩሹ እንጨት አይወፍርም፤ የሚወፍሩት ፊደሎቹ ናቸው። የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፍ ክቡን በኮምፓስ፣ ቀጥታውን በማስመሪያ ያሰምርና ከራስ እስከ እግር በእኩል ውፍረት ጥቁር ቀለም ይሞላዋል። ጌጥ የለ፣ ጭራ የለ። ከመንገድ ማዶ ያልተነበበ ማስታወቂያ ምኑን ማስታወቂያ ሆነ ባይ ነው። የሚጽፍበትን የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ የምቆርጥለት አናጺ እኔ ነኝ፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፣ ጭቅጭቃችንን ግን አላገደውም።

እህቴ ያላነበበችው ሥራ ከቤት አይወጣም። ከተጋቡ ጀምሮ ልማዳቸው ነው። እሱ ሰሌዳውን ጓሮ ካለው ግንብ ያስደግፋል፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ጮክ ብላ ታነባለች። ከተደናቀፈች ፍቆ እንደገና ይጽፋል። የእኔ አስተያየት ከቁጥር አይገባም።

ከዚያ ዓይኗ ደከመ። ሐኪሙ በሽታው ከነርቩ ነው፣ መነጽር አይረዳትም፣ የጠፋውም አይመለስም ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። እሷ፣ ሐኪም ምን ያውቃል ብላ አጣጣለችው። ወፍሬ ደግሞ ፊደሎቹን ይበልጥ ማወፈር ጀመረ። መጀመሪያ ሰው አደነቀ። እያደር ግን ውፍረቱ ወደ ውስጥ እየገባ የ«ወ»ንና የ«መ»ን ሆድ አጠበበው፤ በመጨረሻም ጭራሽ ደፈነው። ደንበኞች ፊደል ነው ወይስ የፈሰሰ ቀለም እያሉ ይመልሱበት ጀመር። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እሷ ካነበበችው ይበቃዋል። ደግሞም አንድም ሳትስት ታነብ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ወደ እኔ ብቅ ትላለች። ዛሬ ደግሞ ምን ብሎ ሊጽፍ ነው ትለኛለች። ወሬ አምሯት እየመሰለኝ ቃል በቃል እነግራታለሁ። የዚያን ቀንም «ዳቦ ቤት» ነው አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ወፍሬ ትከሻውን ስላመመው ሰሌዳውን አብረን አወጣነው። ስናስደግፈው የተጻፈበት ፊት ወደ ግንቡ ዞሮ ቀረ። እናዙረው ሳንባባል እህቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ዳቦ ቤት» አለች፣ ጥርት አድርጋ።

ፊት ለፊቷ ያለው ባዶ እንጨት ነው። ወፍሬ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«በደንብ ይነበባል?» አላት።

«እንዴታ። ከትናንቱ ይሻላል።»

«እንግዲያው ይበቃል» አለና ቀለሙን ሊከድን ገባ።

በማግስቱ ከእሷ ቀድሞ እኔ ዘንድ መጣ። እንቅልፍ በዓይኑ እንዳልዞረ ያስታውቃል። ዛሬ የሚጽፈው «የልብስ ስፌት» መሆኑን ነገረኝ።

«ስትመጣ በደንብ ንገራት» አለኝ። «ቃል እንዳትዘልባት።»

ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳው ማዶ ብሩሹ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ያንኑ ሆደ ድፍን ፊደሉን እያወፈረ ነው። እህቴም መቃኑን እየዳበሰች መጣች። ነገርኳት፣ አንድም ቃል ሳልዘል።